የእትዬ ዳመና ጆሮ

ልጅ እያለሁ ጆሮ የሚሰበር ነገር ይመስለኝ ነበር። እጅ ይሰበራል፣ እግር ይሰበራል፣ ጆሮም እንደዚያው። ይህን ያመንኩት መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ቦንጋ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ነው። ታሪኩን ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሳቄን አቆማለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጎመን ነው። የእርሻ መምህራችን ጋሽ ተድላ ከደብረ ዘይት ተመድበው የመጡ ወጣት ነበሩ። በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ለእያንዳንዳችን መደብ አካፍለው ጎመን አስተከሉን። ቦንጋ ዝናብ አትነፍግምና የሁላችንም ጎመን በቀለ፤ አረሙም አብሮ በቀለ። እኔ የብይ ጨዋታውን ትቼ አረሜን ስነቅል እውል ነበር። ጋሽ ተድላ ከእረፍት ሲመለሱ አገራቸው ካለ ወዳጃቸው ያገኟትን አንዲት ግልገል ጥንቸል በካርቶን ይዘው መጡና ክፍሉ ፊት ለእኔ ሰጡኝ። ግራጫ ናት፣ ከሁለት እጅ መዳፍ አትበልጥም።

“ጎመን ያበቀለ የሚበላለት አያጣም” አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። “አንድ ሕግ አለ። በጆሮዋ እንዳታነሳት። በጆሮዋ ያነሳሃት ቀን ትመልሳታለህ።” በሳምንቱ ለሥልጠና ጅማ ሄዱ።

ቤታችን ከገበያው ቁልቁል ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው በረንዳው ላይ ስለሆነች የእርጥብ እንጨት ጭስና የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ተቀላቅሎ ነው ያደግኩት። እናቴ ጥንቸሏን እንዳየች አማተበች። “የማይበላ እንስሳ ማርባት ምን ይሉታል? ሰኮናው ያልተሰነጠቀ! ከድስቴ አጠገብ እንዳላያት” አለች። ይኸው እርም ለጥንቸሏ ዋስትና ሆነላት። በግቢያችን ካሉት እንስሳት መካከል በዓል ሲመጣ የማያሰጋት እሷን ብቻ ነበር።

ስም ያወጣችላት የሰባት ዓመቷ እህቴ አስቴር ናት። ጥንቸሏ ደረቷን ነፍታ ዝግ ብላ ስትራመድ አየችና “እንደ ትልቅ ሰው ነው የምትሄደው” ብላ እትዬ ዳመና አለቻት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንቺ ያላት የለም። “እትዬ ዳመና በልተዋል?” “ኧረ ተኝተዋል!” ነበር ወሬው። ያ ኮስታራው አባቴ እንኳን አንድ ቀን “እትዬ ዳመና ሜትሬን አኝከውታል” ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔንም ልማዱ አልለቀቀኝም፤ አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥንቸል ፈሪ ነው ይባላል። እትዬ ዳመና ፈሪ አልነበሩም፤ ኩሩ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ግቢውን እየዞሩ የወንበሩን እግር፣ ጀሪካኑን፣ የእናቴን መጥረጊያ ሁሉ በአገጫቸው ያብሱታል፤ “ይሄም የኔ፣ ይሄም የኔ” የሚሉ ይመስላሉ። ሲቆጡ በኋላ እግራቸው መሬቱን ይደልቁታል። ደስ ሲላቸው ያለ ምክንያት ሽቅብ ዘለው አየር ላይ ይጠማዘዛሉ። ሲያኮርፉ ደግሞ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ ሰው ያስቀየመው ሰው የሚያኮርፈውን ዓይነት ኩርፊያ ነው። ልባቸው ሲረጋ ጥርሳቸውን በቀስታ ያፋጫሉ። ይህን ድምፅ የምትሰማው ግን አስቴር ብቻ ነበረች፤ የሚተኙት እሷ ጭን ላይ ነዋ!

ባለቤቱ እኔ፣ የተወደደችው እሷ። አስቴር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዝም ትላለች፤ እትዬ ዳመና ራሳቸው ይመጣሉ። እኔ አሳድጄ እይዛለሁ። እንስሳንም ሆነ ልጅን አሳድዶ መያዝ ፍቅር እንደማያመጣ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ቅናት ብቻ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እትዬ ዳመና በአጥሩ ሾልከው የጎረቤታችን የአባባ ቆጪቶ ጓሮ ገቡ። አባባ ቆጪቶ ንብ የሚያረቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ከቀፏቸው ቀጥሎ የሚሳሱት ለእንሰታቸው ነው። ስደርስ እትዬ ዳመና የአንዱን ለጋ እንሰት ሥር እየከረከሙ አገኘኋቸው። ስጠራቸው ዞር ብለው አዩኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ንዴቴ ገነፈለ። በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ይዤ ብድግ አደረግኋቸው። ጥንቸል ድምፅ ያለው አይመስልም፤ አለው። እንደ ሕፃን ጮኹ። ወዲያው ለቀቅኋቸው። ማንም አላየኝም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የግራ ጆሯቸው ወድቆ አየሁት። ቀኙ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግራው እንደ ረጠበ ጨርቅ ጉንጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ክው አልኩ። እኛ የምናውቀው የዱሩ ጥንቸል ጆሮው ሽቅብ ነው። ጆሮዋ የወደቀ ላም ደግሞ የታመመች ናት። ሰበርኩት ማለት ነው።

ወደ አባባ ቆጪቶ ሄጄ “ጆሮ ሲሰበር ምን ይደረግለታል?” አልኳቸው።

“የማን ጆሮ?”

“የ... የአንድ እንስሳ።”

“እንሰቴን የበላው እንስሳ ነው?”

 ሳቁብኝና በቅጠል ማር ቋጥረው ሰጡኝ። “ይህን ቀባ፣ እንጨት አስደግፈህ እሰር። አጥንት ከሆነ ይገጥማል።”

“አጥንት ካልሆነስ?”

“ካልሆነ ማሩን ትልሳለህ።”

በቀርከሃ ስንጥርና በአባቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ አሰርኩላቸው። እኩለ ቀን ላይ እትዬ ዳመና አንድ ጆሯቸው እንደ ባንዲራ እንጨት ተገትሮ፣ ጉንዳን ተሰልፎባቸው፣ ሁለት ንቦች እየዞሯቸው በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ።

“ይህን ማን አደረገ?”

“ጆሯቸው ተሰብሮ ነው” አልኩ።

“ማን ሰበረው?”

“አስቴር ናት። በጆሯቸው አንስታቸው።”

ሳቄን የማቆመው እዚህ ላይ ነው። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። ብትጮህ ወይም “እኔ አይደለሁም” ብትል አባቴ ይጠይቅ ነበር። እሷ ግን ታላቅ ወንድሟ እንዲህ ሲዋሽባት ሰምታ ስለማታውቅ ቃል አጣች። አባቴ ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው። መምህሩ እስኪመለሱ እትዬ ዳመናን እንዳትነካ ከለከላት፤ ሲመለሱም ጥፋቷን በራሷ አፍ እንድትነግራቸው አዘዛት።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አስቴር እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ምሰሶው አጠገብ ትቆምና ከሩቅ “እትዬ፣ ደህና አደሩ?” ትላለች። እሳቸው ወደ እሷ ሲመጡ ትሸሻለች፤ ተከልክላለችና። እኔ የማመጣላቸውን የስኳር ድንች ቅጠል እትዬ ዳመና ይበላሉ፣ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው። በዚህ መሀል ቀኙም ጆሮ ወደቀ። አባቴ “ይኸኛውንስ ማን ሰበረው?” አለኝ። “ከአንዱ ወደ አንዱ ተላልፎ ይሆናል” አልኩ። ቆየት ብሎ አየኝና “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። መናገር ፈልጌ ነበር። ብናገር ግን እትዬ ዳመና ይወሰዱብኛል፤ ከዚያም የከፋው፣ ውሸታም መሆኔ ይታወቃል። ፈራሁ። ውሸት ሲጀመር ቀላል ነው፤ የሚከብደው ስትሸከመው ነው።

ጋሽ ተድላ ከጅማ እንደተመለሱ የተቀደደ ሱሪ ይዘው በረንዳችን መጡ። አባቴ አስቴርን ጠርቶ “ንገሪያቸው” አላት። እሷ እትዬ ዳመናን አየች። እኔን አየች።

“ጋሼ፣ ጆሯቸውን የሰበርኩት እኔ ነኝ” አለች። “ግን አይውሰዷቸው። እሱ ጋ ይሁኑ። እኔ አልነካቸውም።”

ያላደረገችውን ያመነችው እትዬ ዳመና ከግቢው እንዳይወጡ ብላ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ! እንባዬ ከቃሌ ቀደመ። “ውሸቷን ነው! እኔ ነኝ!” ብዬ እንሰቱንም፣ ጩኸቱንም፣ ማሩንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት።

ጋሽ ተድላ ግራ ገባቸው። ጎንበስ ብለው እትዬ ዳመናን በሁለት እጃቸው ከሥር ደግፈው አነሱና ጆሮዎቻቸውን ዳበሱ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። “የምን መሰበር? ዘሯ ነው እኮ! እናቷም ጆሮዋ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ትንንሽ ሲሆኑ ይቆማል፤ ሲያድጉ አንዱ ይወድቃል፣ ከዚያ ሌላው። ሳልነግርህ ሄጄ ነው።” እናቴ ሳቀች። ከአጥሩ ማዶ አባባ ቆጪቶ “እንግዲያው ማሬን መልስ!” ብለው ጮኹ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። “የጥንቸሏስ ጆሮ ደህና ሆነ” አለ። “የልጅቷስ ነገር?”

 ጋሽ ተድላም ሕጋቸውን አልረሱም። ጆሮው አልተሰበረም፤ በጆሮ ማንሳቴ ግን እውነት ነው። እትዬ ዳመና ከዚያ ቀን ጀምሮ የአስቴር ሆኑ። እኔ ተንበረከክሁ፤ ይገባኝ ነበር። እትዬ ዳመና በሳምንቱ መጥተው ጫማዬን በአገጫቸው አበሱት፤ ታረቁኝ ማለት ነው። አስቴር ግን እስክትታረቀኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። አልፈርድባትም።

በዚያ ዘመን አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም ነበር። አባቴም አልጠየቃትም። በማግስቱ ግን የደንበኞቹን ሥራ ወደ ጎን ብሎ የአስቴርን ቀሚስ አወጣና ከፊት ለፊቱ ጥንቸል የሚይዝ ሰፊ ኪስ ሰፋበት፤ ጨርቁን ደርቦ፣ ስፌቱን ደጋግሞ። ሰጣትና ወደ መኪናው ዞረ። አስቴር እትዬ ዳመናን ኪሷ ከትታ፣ ረጃጅም ጆሮዎቻቸው በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው፣ በኮረሪማ ሻጮቹ መካከል ስታልፍ ገበያው ሁሉ ሥራ ይፈታ ነበር።

ዛሬ ቦንጋ ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። ልጆቼ የማያውቁትን እንስሳ በስልክ አይተው ወዲያው ይለያሉ፤ ያልሰበሩትን ጆሮ ሦስት ሳምንት አይሸከሙም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የተማርኩት ካገኘሁት መጽሐፍ ነው፣ ልጆቼንም ጠበቅ አድርጌ ነው የማሳድገው። እንደ አባቴም ተሳስቼ አውቃለሁ። በቅርቡ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ትንሿን ልጄን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት። ቁልፉ በገዛ ኮቴ ኪስ ውስጥ ሲገኝ ጠራኋትና “ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ተሳስቻለሁ” አልኳት። “እሺ አባዬ” ብላ ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። በደቂቃ አለቀ። ቃሉን አፍ አውጥተን መናገራችን የዚህ ዘመን ደግ ነገር ነው፤ አልከራከርም። አስቴር ግን ዛሬ ዋጫ ከተማ የሦስት ልጆች እናት ሆና ያንን ኪስ ከቀሚሱ ፈትታ በሣጥኗ አስቀምጣዋለች። የእኔ ልጅ ከእኔ ይቅርታ ምን እንደምታስቀምጥ አላውቅም። እኔ ስፌት አልተማርኩም።