እሑድ የገለጠልኝ የሰኞ ሕመም

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ብዙ ተናጋሪ አይደለሁም፤ መጮህም አላውቅበትም። ጌታ ለደረቴ ያደረገውን ግን ዝም ብዬ መቅረት ስላልቻልሁ ዛሬ ተነሣሁ። ሃሌሉያውን እናንተ በሉልኝ፤ እኔ ነገሩን ልንገራችሁ።

በዚያ ሰኞ በፋብሪካችን ክሊኒክ ውስጥ የነበሩትን ላስቀድም። እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ ጠርዙን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ መተኛት አልቻልሁም። በራስጌዬ ታላቅ እኅቴ እታለማሁ የጠበል ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። በግርጌዬ አብራኝ የምትሠራው ዘይነባ አለች፤ ጥጡን ከቅንድቧ ሳታራግፍ ነው ተከትላኝ የመጣችው። ከዚህ ጉባኤ ወንድም ታምራት መስኮቱ አጠገብ ቆሞ በለሆሳስ ይጸልያል። ሐኪሙ፣ ገና ወጣት ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ወረፋ የያዙትን “ትንሽ ታገሡ” ይላል።

እኅቴ ጎንበስ ብላ፣ “የሺ፣ ተይው ይህን ሃይማኖት። እመለሳለሁ በይ። አንዲት ቃል ናት፤ ካልሽ ትተነፍሻለሽ” አለችኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

እንዴት እዚያ እንደ ደረስሁ ልንገራችሁ። የተወለድሁት እንፍራንዝ ነው። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ እኛ ቤት ዳዊት ሳይደገም አይነጋም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ባሕር ዳር መጣሁና ከከተማው ዳር ባለ አንድ አነስተኛ የጥጥ መፍተያ ተቀጠርሁ። ሥራዬ የታሰረው ጥጥ ተፈትቶ በሚበጠርበት ክፍል ነበር። ብናኙ ከላይ እንደ ካፊያ ይወርዳል። ስንወጣ ፀጉራችን ሽበት ይመስላል፤ ዘይነባ ገና በወጣትነታችን “ነይ እንሂድ፣ ባልቴት” ትለኝ ነበር። ጭምብል ተሰጥቶናል፤ ይሞቃል እያልን አንገታችን ላይ እናወርደዋለን። ፋብሪካው ቀትር ላይ የሚሰጠንን ወተት ግን አንረሳም። ወተት አቧራውን ከደረት ያጥባል ይባል ነበር፤ ሁላችንም አምነናል።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ጎረቤቴ ወደዚህ ጸሎት ቤት ይዛኝ መጣች። ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ቃሉን ሰማሁ፣ ጌታን ተቀበልሁ። ስሙ ይባረክ! ከዚያ በፊት እሑድም ለትርፍ ሰዓት እገባ ነበር። ካመንሁ በኋላ እሑድን ለአምልኮ ብዬ ሥራውን ተውሁት።

ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው። እሑድ እዚህ እዘምራለሁ። ሰኞ ማሽኑ አጠገብ ስቆም ደረቴን በገመድ የሚያስሩኝ ይመስለኛል። ማክሰኞ ይቀላል፤ ዓርብ ደኅና ነኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ያው።

እታለማሁ ይህን ስትሰማ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። “እሑድ የአባትሽን እምነት ትተሽ ትሄጃለሽ፤ ሰኞ ትቀጫለሽ። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ትፈልጊያለሽ?” አለችኝ። የእኛም ወገኖች፣ አልደብቃችሁም፣ “ሰይጣን በአምልኮሽ ቀንቶ ነው” ብለው የሰኞን መንፈስ ገሠጹልኝ። ሁለቱም ወገን ይወደኝ ነበር። አቧራውን ግን ማንም አላየውም። እኔም በውስጡ ቆሜ አላየሁትም።

በዚያ ሰኞ ማሽኑ አጠገብ ትንፋሽ አጠረኝና ዘይነባ ደግፋ ክሊኒክ አስገባችኝ፤ እኅቴና ወንድም ታምራትም ተጠርተው ደረሱ። እንግዲህ በዚያች ክሊኒክ፣ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ዘይነባ ከግርጌዬ ተናገረች።

“እትዬ እታለማሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?”

“ጠይቂ።”

“የሺን እግዜር የቀጣት እሑድ ጸሎት ቤት ስለ ሄደች ነው አሉ። እኔን ታዲያ በምን ቀጣኝ? እኔም ሰኞ ሰኞ ደረቴ ይታፈናል። እሑድ እኮ ልብስ ሳጥብ ነው የምውለው!”

“አንቺ ደግሞ ሰው እየሞተ ትቀልጃለሽ!” አለች እኅቴ።

ወንድም ታምራት ጸሎቱን አቋርጦ ሳቀ። ሐኪሙም ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ትቶ ወደ እኛ መጣ።

“አንቺንም ሰኞ ነው የሚያምሽ?”

“ሰኞ ነው። ከበዓል እረፍት ስንመለስም እንዲሁ።”

“እናቴ፣ እርስዎስ? በፊት እሑድ ይሠሩ ነበር?”

“እሠራ ነበር” አልሁት።

ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። “ሕመሙ ከጥጡ ብናኝ ነው። የአየር ቧንቧዎን ያስቆጣዋል፣ ያጠበዋል። በየቀኑ ሲገቡ ሰውነትዎ እየለመደው ሕመሙ ተሸፍኖ ኖሯል። እሑድ ሲያርፉ ልማዱ ይቋረጣል፤ ሰኞ እንደ አዲስ ይመታዎታል። ዝም ቢሉት ኖሮ ውሎ አድሮ ቀኑ ሁሉ ሰኞ ይሆንብዎት ነበር። ያን ጊዜ ሳንባው ለመመለስ ይቸግራል።”

“ወተት እንጠጣለን እኮ።”

“ወተቱ የሚወርደው ወደ ሆድዎ ነው፣ እናቴ። ሳንባዎ አንድ ጠብታም አልቀመሰም።”

“እንግዲያው ይህን ሁሉ ዓመት የጠጣነው ለመወፈር ነዋ!” አለች ዘይነባ።

ወገኖቼ፣ እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። እሑድ አልመታኝም ነበር፤ እሑድ አሳየኝ እንጂ። ለጌታ ብዬ ያረፍሁበት ቀን የተሸሸገውን ሕመም በጊዜው አወጣው። ክብር ለስሙ! ያ ቀን ባይኖር ሳላውቀው ባለቀልኝ ነበር። ክብር ለስሙ!

“እመለሳለሁ” አላልሁም። “እትዬ፣ ጠርሙሱን አስቀምጪና እጄን ያዢኝ” አልኋት። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ያዘችኝ።

ሐኪሙ ለኃላፊያችን ተናግሮ እኔና ዘይነባ ወደ ክር ማሸጊያው ክፍል ተዛወርን። ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘልኝ። ወንድም ታምራትም መጸለዩን አልተወም፤ አሁን ግን መንፈስ መገሠጹን ትቶ “ጌታ ሆይ፣ ሳንባዋን አድስ” ይል ነበር። ቀስ በቀስ ሰኞ እንደ ሌላው ቀን ሆነልኝ። ስሙ ይባረክ!

ሙሉ ሳንባ አለኝ ብዬ አልዋሽም። የተጎዳው እንደ ተጎዳ ነው፤ ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ እቆማለሁ። ነገር ግን ጡረታ ወጥቼ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፤ መዝሙርም ሳላቋርጥ እጨርሳለሁ። ይህ ለእኔ ብዙ ነው።

በጥጥ፣ በወፍጮ ቤት፣ በድንጋይ መፍጫ የምትሠሩ ልጆቼ፣ ጭምብሉን አንገታችሁ ላይ አታውርዱት። ደረታችሁ ሲይዛችሁ ጸልዩ፤ ጸልያችሁም ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በየትኛው ቀን እንደሚብስባችሁም ንገሩት። ጌታን ገና ያላወቃችሁ ደግሞ ታመኑት። አስፈራርቶ አይደለም የያዘኝ።

እታለማሁ ዛሬም ወደዚህ አዳራሽ አትገባም፤ እኔም ግቢ አልላትም። ተመለሺ ማለቱን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ትታዋለች። ከቅዳሴ መልስ ትመጣና ክንዴን ይዛ ቤቴ ታደርሰኛለች። አሁንም ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ልሂድ።