በቁማቸው ያነበብኩላቸው የሕይወት ታሪክ

ፍልስፍናን እኔ አልመረጥኩትም፤ እሱም እኔን አልመረጠኝም። ያገናኘን ዩኒቨርሲቲው ነው። ቅጹ ላይ አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ ኢኮኖሚክስ፣ ሦስተኛ ማኔጅመንት ብዬ ሞልቼ ነበር፤ ዝርዝሩ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ስሜን ያገኘሁት ፍልስፍና ሥር ነው። ለእናቴ ስነግራት ትንሽ አሰበችና "ቀጣሪው ማነው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ የለም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ግን ወደድኩት። ለሰነፍ ሰው የሚመች ትምህርት ነው። ጋደም ብሎ ጣሪያ ማየት በሌላው ትምህርት ክፍል ስንፍና ይባላል፤ በእኛ ጥናት ነው። ጣሪያው ሲሰለቸኝ ልብ ወለድ አነባለሁ። ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ ኪዮስክ መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ነበር፤ የምከራየው ከሱ ነው። ከእኔ ቀድሞ የሚከራይ አንድ ያልታወቀ ሰው ደግሞ በየመጽሐፉ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ይቺ በኋላ ትሞታለች" እያለ ይጽፋል። በዚህ የተነሳ ማን እንደሚሞት ሳላውቅ ያነበብኩት ልብ ወለድ ጥቂት ነው። ማንበቤን ግን አልተውኩም።

ሌላው ሱሴ ሙዚቃ ነበር። ባዶ ካሴት ይዤ ሙዚቃ ቤት እሄዳለሁ፤ የምፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ተቀድቶ ይጠብቀኛል። የምወደው አሮጌ ዘፈን ስለነበር ባለ ሱቁ ዝርዝሬን ባየ ቁጥር "ይሄ ያንተ ነው የአባትህ?" ይለኛል። ዘፈን ከመስማት አልፌ ስለ ዘፈን ማውራትም እወድ ነበር። የጥፋቴ መነሻ ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው። በእኛና በጎረቤታችን መሃል ያለው ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ወሬ አያስቀርም። ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። በሰፈሩ እትዬ እገሊት፣ እትዬ እገሊት የሚባሉ ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ ያለ ስም "እትዬ" ብቻ ከተባለ ግን የኛ ጎረቤት ማለት ነው። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፤ ለሰው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ይተዳደሩ ነበር። በርበሬ የሚቀነጥሱ ቀን እኔ የማጠናው እያነጠስኩ ነው።

ለሥነ ውበት ኮርስ "የሐዘን ዜማ ለምን ደስ ይላል" በሚል ርዕስ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። እኔ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት የጻፍኩት አይመስለኝም። "ይህ ዜማ በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ እንደመሆኑ መጠን" ብዬ፣ ዘፈኑን በካሴት እንደከፈትኩ፣ ሳልጨርስ ከግድግዳው ወዲያ "አንቺ ሆዬ ነው!" የሚል ድምፅ መጣ።

ካሴቱን አጠንጥኜ እንደገና ከፈትኩት።

"አንቺ ሆዬ ነው አልኩህ እኮ!" አሉ እትዬ።

ልከራከራቸው ሄድኩ። ስለ ቅኝት ያነበብኩትን በቃሌ ይዤ ነበር። እትዬ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። "ቁጭ በል" አሉና ዜማውን መጀመሪያ እኔ ባልኩት ቅኝት፣ ቀጥሎ እሳቸው ባሉት ዘፈኑልኝ። እጃቸው ከበርበሬው አልተነሳም። ድምፃቸው አርጅቷል፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ግን የሰፈሩን ጉድጓድ እንደሚያውቅ ሰው ዘወር ብለው ያልፉታል። ዓይኔ እንባ ሲሞላ በበርበሬው አሳበብኩ።

"የት ተማሩት?" አልኳቸው።

"ሥራዬ ነበራ!"

እዚያው ካዛንቺስ፣ ከኛ ቤት ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ፎቅ የቆመበት ቦታ ላይ አንድ አዝማሪ ቤት ነበር። አሥራ ምናምን ዓመት ዘፍነውበታል። "ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ተውኩት" አሉኝ። ለምን እንደተዉት አልነገሩኝም። መጠየቅ ትምህርቴ ቢሆንም አልጠየቅኩም።

ጽሑፌን አርሜ አስገባሁ። መምህሩ "አንቺ ሆዬ" የሚለው ሥር አስምሮ "ምንጭ?" ብሎ ጻፈበት። ቢሮው ድረስ ሄጄ "ጎረቤቴ" ብለው ሁለት ማርክ ቀነሰብኝ። ለእትዬ ስነግራቸው "እሱ የት ዘፍኖ ያውቃል?" አሉ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ያስቀዳሁትን ካሴት ሁሉ መጀመሪያ የምወስደው ለሳቸው ነው። ፍርዳቸው አጭር ነው። "ይሄ ይችላል።" "ይሄ ይጮሃል።" "ይቺን ማሲንቆው ነው የተሸከማት።" እኔ በአራት ገጽ የምጽፈውን በርበሬ እየቀነጠሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ገና ሽፋኑን ሳልገልጥ "ማነው የሚሞተው?" ይሉኛል። ቀይ እስክሪብቶው የጻፈውን እነግራቸዋለሁ። "ደህና፣ አሁን አንብብ" ይላሉ። ያቺ ሴት እስክትሞት ድረስ አንድም ቃል አያመልጣቸውም። እኔ ያን ጊዜ ፍልስፍና የምማረው ስድስት ኪሎ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት የእድራችን ዳኛ ሥራ ሰጡኝ። በሰፈራችን ሰው ሲቀበር ግብዓተ መሬቱ ከመፈጸሙ በፊት ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ዳኛው "ፍልስፍና የሚማር ልጅ አለ" ሲባሉ ፍልስፍና ማለት ጽሑፍ ማሳመር ነው ብለው ተረዱ። የመጀመሪያውን "ለመሆኑ ሰው ኖረ የሚባለው ምን ሲያደርግ ነው?" ብዬ ጀመርኩት። ከቀብር መልስ ለብቻዬ ጠሩኝና "ልጄ፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ጥያቄውን ተወውና ተወለዱ በል" አሉኝ።

ደንቡን ያዝኩ። ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ተማሩ፤ ትዳር መሠረቱ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ይህን ያህል ደራሽ ባለበት ሰፈር የተቸገረ ሰው ከየት እንደሚመጣ ገብቶኝ አያውቅም። ብቻ አነበብኩ። ድምፁ ጥሩ ነው ተባልኩ፤ ደስ አለኝ።

አንድ ከሰዓት እትዬ በግድግዳው ጠሩኝ። ስሄድ "የኔንም ጻፍልኝ" አሉኝ።

"ምን ሆኑ እትዬ?"

"ምንም አልሆንኩ። ሲነበብ ግን አልኖርም። ቀድሜ ልስማው።"

በሳምንቱ ጽፌ መጣሁ። ዱካ ላይ ተቀምጬ ልጀምር ስል "ቀብር ላይ ተቀምጠህ ነው የምታነበው?" ብለው አስነሱኝ። እሳቸው ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቅዝቀው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። የራሳቸው ቀብር ላይ በጊዜ የደረሱ ለቀስተኛ ሆኑ።

"ለተቸገረ ደራሽ" የሚለው ላይ አስቆሙኝ። "ለማን ነው የደረስኩት?"

"እንዲያው ይባላል።"

"አውጣው።"

"በግል ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ" የሚለው ላይም አስቆሙኝ። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"ማለቴ… በርበሬው፣ ሽሮው።"

"በርበሬ ያስነጠሰኝ ነገር ነው እንጂ ሥራዬ አይደለም። አዝማሪ ነበሩ በል።"

"ዘፋኝ ብል አይሻልም?"

"ዘፋኝማ ዛሬ ሁሉም ነው። አዝማሪ ነበሩ በል።"

"ሰው ምን ይላል እትዬ?" አልኩ። ይህን ያልኩት በሥነ ምግባር ኮርስ ኤ ያገኘሁት ሰውዬ ነኝ።

"እግዜር ያውቃል። የነፍስ አባቴም ያውቃሉ። የማያውቁት ቀባሪዎቼ ናቸው፤ የሚነበበው ለነሱ አይደል?"

እዚያው ቁጭ ብዬ አረምኩት። "በድምፃቸው እንጀራ የበሉ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ቅኝት ጠንቅቀው የሚያውቁ አዝማሪ ነበሩ" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። በሁለተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"አደራ" አሉኝ።

"ምንም አያስቡ" አልኳቸው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታመሙ፤ ሳምንት አልቆዩም። በጣም አዘንኩ። እናቴ ከሷ ብሼ ስታገኘኝ ደነገጠች። ጠዋት ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣውን ሳል እጠብቅ ነበር።

ባንክ የምትሠራ፣ ትዳር ይዛ ከሰፈሩ የወጣች አንዲት ልጅ አለቻቸው። በቀብሩ ቀን ጠዋት ዳኛው ታየው ብለው ወረቀቱን ሰጧት። አንብባ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"ይቺን መስመር አውጣልኝ" አለች።

"እሳቸው ናቸው ያሉኝ።"

"አውቃለሁ። እሷ ናት፣ ሌላ ማን እንዲህ ይላል? ግን እኔ እዚህ ሰፈር 'የአዝማሪ ልጅ' እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እያለቀስኩ ስመጣባት ነው የተወችው። ዛሬ አማቶቼ መጥተዋል፤ የባሌ አባት ቄስ ናቸው። እሷ በቃ አረፈች። ከነሱ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።" እጄን ያዘችኝ። "በግል ሥራ በል። አደራህን።"

ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። አደራው ሁለት ሆነ። ለሞተ ሰው የተገባ ቃል ያስራል ወይስ አያስርም በሚለው ላይ በክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራክረናል። እኔ ያስራል ካሉት ወገን ነበርኩ፤ አሸንፈናል።

ቤት ገብቼ ሁለተኛ ወረቀት ጻፍኩ። በቀኝ ኪሴ እትዬ የሰሙትን፣ በግራው ልጃቸው የፈለገችውን ያዝኩ። እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የትኛውን እንደማወጣ አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኛል። አውቅ ነበር።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆመን ሳለ አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ በከዘራ እየተረዱ ወደ እኔ መጡ። አይቻቸው አላውቅም።

"አንተ ነህ የምታነበው?"

"አዎ አባባ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ማሲንቆ መትቼላታለሁ" አሉኝ፣ ወደ አስከሬኑ እያዩ። "ጆሮዬ ይከብዳል፤ አጠገብህ ልቁም?"

አጠገቤ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው የተሻለውን ጆሯቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ፊት ለፊቴ ቄሱ የባሏ አባት መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ልጅቷ ከጎናቸው ሆና እጄን ታያለች። እጄ ግራ ኪሴ ገባ።

አነበብኩ። በግል ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ እናት ነበሩ አልኩ። "ለተቸገረ ደራሽ"ን ማንም መልስ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ የመለስኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ ተነፈሰች። እኔ ግን አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሕዝቡ ወደ መቃብሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ጆሮዬ ነው መሰለኝ፣ የዘፈኗ ነገር አመለጠኝ። ብለኸዋል አይደል?"

ወረቀቱ ቀኝ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላነብላቸው እችል ነበር። እሳቸው እንዲሰሙ ግን መጮህ አለብኝ፤ ልጅቷና አማቶቿ ደግሞ ከኛ ሦስት እርምጃ አይርቁም።

"ብያለሁ" አልኳቸው።

"አሳምረህ?"

"አሳምሬ።"

ፊታቸው ፈካ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ጥቂት ቆሙ።

"የሚልላት ሰው አይገኝም ብዬ ፈርቼ ነበር እኮ" አሉ። "ተባረክ ልጄ።"

አሜን አልኩ።