ሳጥኑ በአንድ መኪና፣ ቁልፉ በሌላ ሰው

አስካለች አንጁሎ ሶዶ ክሊኒክ ውስጥ ስድስት ዓመት ድሬሰር ሆና ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም። ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትወጋለች። ምጥ የጠናባት ሴት ከጉኑኖ በቃሬዛ ስትመጣ ግን ከማየት በቀር ምን ታድርግ? አልተማረችማ! አንድ ቀን ሐኪሙ ወደ ቦምቤ በሄደበት አንዲት እናት እጇን እንደያዘቻት ሞተች። ያ ነገር አስካለችን አንገበገባት። ከዚያ ወዲያ አዋላጅነት ካልተማርኩ ብላ ድርቅ አለች፤ የሚመልሳትም ጠፋ።

በ1957 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ካመለከተችበት የቤይሩት አዋላጅ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣላት። ተቀብለዋታል፤ ነገር ግን ዋናውን የምስክር ወረቀቷን ይዛ መስከረም ሃያ ቀን መመዝገብ አለባት፤ ዕድሜዋም ከሃያ አምስት መብለጥ የለበትም። እሷ ደግሞ ሃያ አምስቷን ይዛለች። ዘንድሮ ካልሄደች አበቃ።

ለጉዞዋ የቆርቆሮ ሳጥን የሠሩላት ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሶዶ ገበያ ዳር ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ጓጉንቸሩንም ራሳቸው ሠሩት። "ይህን የሚሰብር ከተገኘ ሱቄን እዘጋለሁ!" ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ታዲያ የሶዶ ነጋዴ አንድ ደንብ ነበረው። ዕቃ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ሳጥኑን በአንድ መኪና ይጭናል፣ ቁልፉን ደግሞ በሌላ ታማኝ ሰው ይልካል፤ ረዳቱ መንገድ ላይ እንዳይከፍተው ነው። አስካለች ወረቀቷን አውቶቡስ ላይ እንዳትሰረቅ ሳጥኑ ውስጥ ከታ ቁልፉን ስትጠይቅ፣ ጋሽ ሀብተሚካኤል ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ሳጥንና ቁልፍ አብረው? አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ቁልፉን ተላላኪዬ ወልደመስቀል ነገ ይዞት ይመጣል፤ አዲስ አበባ አውሮፕላን ጣቢያው ድረስ ያቀብልሻል።"

"እኔው ብይዘው አይሻልም፣ ጋሼ?"

እናቷ ሽታዬ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይምና፣ "ጋሼን ስማ፣ ልጄ! አትከራከር!" አለቻት። አስካለች ልቧ ባይወደውም ቁልፉን ለጋሼ ትታ፣ ሳጥኗን አስጭና አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረች።

ወደ ቤይሩት በምትበርበት ዕለት ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያው ላይ ወልደመስቀል የለም። የተሳፈረበት አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መቅረቱን በምን ታውቃለች? የጉምሩኩ ፈታሽ ሳጥኑን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

"ክፈቺው፣ እህቴ።"

"ቁልፉ እየመጣ ነው።"

"ከየት?"

"ከሶዶ።"

"ወይ ጉድ! ቁልፍም ለብቻው ይሳፈራል እንዴ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አስካለች እንባዋ መጣ፤ ግን ዋጠችው።

"ሳይፈተሽ አይጫንም" አለ ሰውየው። "ትተሽው ሂጂ፣ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት።"

"በሚቀጥለው ሳምንት ምን አለኝ? ምዝገባው ነገ ነው፤ ወረቀቴም ውስጡ ነው። ስበሩት!"

አንድ ተሸካሚ መዶሻ አምጥቶ ጓጉንቸሩን ደጋግሞ ነረተው፤ ላብ አጠመቀው። ጓጉንቸሩ ንቅንቅ አላለም። ምነው ጋሼ፣ ምናለ ትንሽ ሰነፍ ቢሆኑ! አለች በሆዷ። በአውሮፕላኑ የሚሳፈሩትን መጥራት ተጀመረ።

አስካለች መሬት ላይ ተንበርክካ ሳጥኑን ዙሪያውን ዳበሰችው። መግል ከፊት አልወጣ ሲል ከጎን መፈለግ የዕለት ሥራዋ ነው።

"አዙሩልኝ!" አለች። "ጀርባውን!"

እውነትም ሽማግሌው ኩራታቸውን ሁሉ ፊት ለፊት አፍስሰው፣ የኋላውን ሁለት ማጠፊያ በቀጭን ሽቦ ነበር ያያያዙት። ከተሸካሚው ፒንሳ ተቀብላ ሽቦውን ጎተተችው፤ ጣቷ ደማ፤ አልተወችውም። ሁለተኛውንም መዘዘችው። ክዳኑ ከኋላ ብድግ አለ፤ ጓጉንቸሩ ከፊት እንደተቆለፈ ነው።

ፈታሹ ልብሷን አገላብጦ አየና አልፏል ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሷም የምስክር ወረቀቷን አውጥታ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ሳጥኑንም በገመድ ጠፍራ አሰረችው።

"አሁን እኮ ማንም ይፈታዋል" አለ ሰውየው፣ አዝኖላት። "ቤይሩት ስትደርሺ ባዶውን ብታገኚውስ?"

"ልብሴን የፈለገ ይልበሰው፣ ጌታዬ" አለች አስካለች፣ የደማ ጣቷን በነጠላዋ እየጠቀለለች። "እኔ ልማር ነው የምሄደው።"

ብላ ወደ አውሮፕላኑ ሮጠች።