አራተኛው መስኮት ላይ የቀረ ወረቀት

የሴትየዋ እጆች ሥራ የሚጀምሩት ከኮሌታ ነው። ኮሌታ ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል ይተኮሳል፤ ከመሃል ወደ ጫፍ ከሄዱ ጨርቁ እየተገፋ መጥቶ ጫፉ ላይ ይሸበሸባል። ከኮሌታው ቀጥሎ ትከሻው፣ ከዚያ የእጅጌው ጫፍ፣ ከዚያ እጅጌው፣ ከዚያም የካውያውን አፍንጫ በአዝራሮቹ መሃል እያሹለከለኩ ፊቱ፣ መጨረሻ ላይ ሰፊው ጀርባ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቅደም ተከተል አንድ ቀን እንኳ አላዛባችም። ግራ እጇ ይወጥራል፣ ቀኝ እጇ ይነዳል። ከግራ አውራ ጣቷ ሥር አንዲት ቀጭን የቃጠሎ ጠባሳ አለች፤ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር ያገኘቻት ናት። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልጨመረችም።

ሰፈሩ «እትዬ ካውያ» ይላታል። የምትሠራበት ላውንደሪ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለ፣ መስታወቱ ሁልጊዜ በእንፋሎት የታፈነ፣ አራት ማሽኖች ያሉት ጠባብ ቤት ነው። ከአራቱ አንዱ ሲሽከረከር እየዘለለ ከቦታው ስለሚነሳ ባለቤቱ በድንጋይ አስደግፎታል። ባለቤቱ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ደንበኛ ሲጠፋም ከማሽኑ ጋር ሲጨቃጨቁ ይሰማሉ።

እትዬ ካውያ የምትተኩሰው ጨርቅ ብቻ አይደለም። ወረቀትም ትተኩሳለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ራሷ የደረሰችበት ጥበብ ነው። ካውያውን ለስስ ሐር የሚሆነው ሙቀት ላይ ታደርገዋለች፣ ወረቀቱን በሁለት ንጹህ የትራስ ልብስ መሃል ታስተኛዋለች፣ ከላይ ሦስት ጊዜ በቀስታ ትሄድበታለች። ኪስ ውስጥ ተጨማዶ የከረመ የጋብቻ ወረቀት፣ ዝናብ የመታው የቅጥር ደብዳቤ፣ ሕፃን የጨበጠው የክትባት ካርድ፣ ከእጇ ሲወጣ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን ትደፋና «ካውያው ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ» ትላለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትተኩሰው ግን የልጇን የትምህርት ቤት ካርድ ነበር። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለት ካርድ፣ አንድም እጥፋት ሳይኖርበት በፕላስቲክ ማኅደር ተቀምጧል። አባትየው ልጅቷ ጡት ሳትጥል ነው የሞተው፤ ካርዱን የሚያይላት ሌላ ሰው ስለሌለ እናት ሁለት ሰው ሆና ነበር የምታየው።

ልጅቷ ያደገችው እዚያው የመተኮሻ ጠረጴዛው ሥር ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ከሥር ብቅ ብላ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ሦስት መቶ ስድስት አዝራር ተኩሰሻል» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ሠላሳ አራት ሸሚዝ ነው። ለአንዱ ፊቱ ላይ ሰባት፣ እጁ ላይ ሁለት።»

ባለ ላውንደሪው ሥራቸውን ትተው ቀና አሉ። «ይህቺን ልጅ ከማሽኖቼ አርቂልኝ! ኋላ ፈትታ አይታቸው፣ ጉዴን ለሰው ታወራለች» አሉ።

ልጅቷ አልራቀችም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት የሚዘለውን ማሽን አስተኝታ፣ ሥሩን ፈትሻ፣ ያለቀው ጎማው መሆኑን ነግራቸው፣ ከአሮጌ ጫማ ሶል ቆርጣ ገጠመችለት። ማሽኑ መዝለሉን ተወ፤ ድንጋዩም ከቤት ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌው በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ኢንጂነሯ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላሉ፤ ቤቱ ውስጥ ከእናትየዋ ሌላ ሰው ባይኖርም።

የምህንድስና ኮሌጁ ከላውንደሪው ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው። ከአገሩ ሁሉ በዓመት የሚቀበለው መቶ ሃያ ተማሪ ብቻ ነው፤ የመግቢያውን ፈተና አንድ ሰው በዕድሜው የሚፈተነውም አንዴ ነው። ወደቁ ማለት ወደቁ ነው፤ ቢያልፉም ውጤቱ የሚያገለግለው ለዚያው ዓመት ምዝገባ ብቻ ነው። የኮሌጁን ሬጅስትራር እትዬ ካውያ በአካል አታውቃቸውም፤ ሸሚዞቻቸውን ግን ከራሷ ልብስ ይልቅ ታውቃቸዋለች። በየቅዳሜው ሾፌራቸው አምስት ነጭ ሸሚዝ ያመጣል። ከአምስቱ የአንደኛው ሦስተኛ አዝራር ወልቆ ነበርና ራሷ ነች የተከለችው፤ የሌሎቹ አዝራሮች ክር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው፣ የሷ ግን የመደመር ምልክት ይመስላል።

ልጅቷ ተፈተነች። ውጤቱ ዘግይቶ በመውጣቱ ኮሌጁ ለምዝገባ የሰጠው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ልጅቷ እጇን ጨብጣ እያለከለከች ገባች።

«ስንት?» አለች እናት፣ ካውያውን ሳታሳርፍ።

«ገምቺ!»

«እኔ በምን ዕውቀቴ እገምታለሁ? ንገሪኝ ልጄ፣ የሰው ሸሚዝ ላቃጥል ነው።»

«ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ።»

«ከስንት?»

«ከአራት መቶ ነዋ! አምና መጨረሻ የገባው ልጅ እኮ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ነበረው።»

«አሥራ ዘጠኙስ የት ገባ?» አሉ ባለ ላውንደሪው ከማሽኑ ኋላ።

«ለእርስዎ ብዬ ትቼው ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው በሳቅ ሳል ያዛቸው። እናት ካውያውን አስቀምጣ ልጇን አቀፈች፤ ላቧንና እንፋሎቷን ሁሉ ልብሷ ላይ አሳረፈችባት።

ልጅቷ ጭብጧን ስትከፍት ውስጡ ያለው ወረቀት ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሱቅ ደረሰኝ የሚጠቀለል ነገር ነበር። ድሮ ውጤት የሚሰጠው በወፍራም ካርድ ነበር፤ ዘንድሮ ፈተና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ማሽን ገዝቷል። ማኅተሙ ከታች በሐምራዊ ቀለም አርፏል። አውቶቡስ ውስጥ ከሰው ጋር ስትጋፋ እንዳይወድቅባት አጥብቃ ስለጨበጠችው ተጨማዶ ተጨማዶ የደረቀ ቅጠል መስሏል።

«ለማመልከቻው አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል» አለች ልጅቷ። «ተነስቼ ልምጣ። ፎቶ ኮፒውን ነገ ጠዋት ስሄድ አስነሳለሁ። እስከዚያ አንቺ ያዢልኝ፤ እኔ ጋ ከሆነ ይጠፋል።»

ምሳ ሰዓት ሆነ። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ማሽኖቹም ቆሙ። እትዬ ካውያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየችው። እንዲህ የተኮማተረ ነገር ይዛ ልጇ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ፊት ልትቀርብ? ምን ይሏታል? እናት የላትም ወይ አይሉም? አሥራ ሁለቱን ካርድ ያቃና እጅ ለዚህ ለትልቁ ሊሰንፍ ነው?

ሁለት ንጹህ የትራስ ልብስ አወጣች። ካውያውን ለሐር ወደሚሆነው ሙቀት ቀነሰች፤ በምላሷ ባራሰችው ጣቷም ነካ አድርጋ ለካችው። ወረቀቱን አስተኛችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ እንደ ሕፃን ጀርባ በቀስታ ሄደችበት። ከዚያ የላዩን ጨርቅ ገለጠች።

መጀመሪያ የጨርቁ ጥላ መሰላት። ጥላው ግን አልሄደም። በጣቷ ጠረገችው፤ አልለቀቀም። የቃጠሎ ሽታ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጨርቁ ንጹህ ነው። ወረቀቱም እንደ መስታወት ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ አንድ እጥፋት አይታይበትም። ጥቁር ብቻ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ከሰል የመሰለ ጥቁር። ስሙም፣ ቁጥሩም፣ ሦስት መቶ ሰማንያ አንዱም የለም።

ልጅቷ እየሳቀች ስትገባ እናቷ የካውያውን ገመድ ነቅላ ቆማለች።

«እማዬ፣ አንዱ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተነሳሁልሽ! ሰውዬው ደግሞ...» አለችና የእናቷን ፊት አየች። «ምን ሆነሻል?»

«ላቃናው ብዬ... ልጄ፣ ላቃናው ብዬ እኮ ነው።»

ልጅቷ ወረቀቱን አነሳች። ወደ መስኮቱ ይዛ በብርሃኑ አየችው፤ ገለበጠችው።

«እንዲህ ያለው ወረቀት በቀለም አይጻፍም» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «በሙቀት ነው የሚጻፈው፣ እማዬ። ማሽኑ ፊደሉ ባለበት ቦታ ብቻ ያሞቀዋል። ሙቀት ያገኘው ሁሉ ይጠቁራል።»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ልጅ እናቷን እንደ ተማሪ ስታስረዳ፣ ያውም በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ እናትየዋ የምትገባበት ጠፋት።

በዚያው እግራቸው ፈተና ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር። አራተኛው መስኮት ላይ ማስቲካ የምታኝክ ወጣት ሴት ተቀምጣለች።

«ምን አግኝቶት ነው?» አለች ወረቀቱን እያየች።

«ተኩሼው ነው» አለች እትዬ ካውያ።

«ምን አልሽ?»

«ተኩሼው። በካውያ።»

ሴትዮዋ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች። ከዚያ ወደ አምስተኛው መስኮት ዞራ፣ «ነይማ፣ ነይ ስሚ! የውጤት ወረቀት ተኩሰው መጡ! ቀጥሎ ደግሞ አጥበው ያሰጡታል!» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ ከሰልፉም የሳቀ ነበር። ስቃ ስትጨርስ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጠቻቸው። «ምትክ ይሠራላችኋል። በአሥራ አምስት የሥራ ቀን።»

«የኮሌጁ ምዝገባ እኮ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ እመቤቴ።»

«እሱን ለኮሌጁ ንገሩት። ቀጣይ!»

በማግስቱ ጠዋት ሬጅስትራሩ ቢሮ ገቡ። ሰውዬው ጨዋ ነበሩ፤ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው። እትዬ ካውያ ፊታቸውን ለማየት ስለፈራች ሸሚዛቸውን አየች። ሦስተኛዋ አዝራር የመደመር ምልክት አላት። ኮሌታው ከጫፍ ወደ መሃል የተተኮሰ ነው።

ልጅቷ የፈተና ቁጥሯን ተናገረች። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረጉና ቅንድባቸው ከፍ አለ። «ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ! ጎበዝ።»

«እንግዲያስ አዩት» አለች እናት፤ ልቧ ቀና አለ።

«አየሁት እናቴ። ግን ፋይሉ ውስጥ የሚገባው እኔ ያየሁት አይደለም። ማኅተም ያለበት ዋናው ወረቀት ነው።»

«ማኅተሙ አለ» አለች ልጅቷ። «ወደ ብርሃን ቢይዙት ጥግ ላይ ይታያል።»

ሰውዬው ጥቁሩን ወረቀት በሁለት ጣታቸው ጫፍ አነሱት፤ የእጅጌያቸውን ጫፍ እንዳያቆሽሽ ራቅ አድርገው ያዙት። «ለመሆኑ ምን ነካው?»

እትዬ ካውያ አፏን ከፈተች። ልጅቷ ቀደመቻት።

«ሙቀት» አለች።

«ያሳዝናል። ምትኩን እስከ ስድስት ሰዓት ካመጣችሁ ደስ ይለኛል። ካልሆነ... ለአንድ ሰው ደንብ ካጠፍኩ ለሁሉም ማጠፌ ነው። ከውጭ ደግሞ ተጠባባቂ አለ።» ሰዓታቸውን አዩ፤ አራት ተኩል ነበር።

ያን ጊዜ እትዬ ካውያ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። «ጌታዬ፣ ይህን ሸሚዝ የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ያቺን አዝራር የተከልኳት እኔ ነኝ፤ አሥር ዓመት ሙሉ አንገትዎን ቀጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ» ልትል ነበር። ግን ውለታ መቁጠር መሰላት። ሰው ቢሮ ገብቶ ስለ ኮሌታ ማውራት ነውር መሰላት። ዋጠችው። ተነስታ እጅ ነስታ ወጣች። ኋላ «ብያቸው ቢሆን ኖሮ» እያለች ስንት ሸሚዝ ላይ እንዳሰበችው እሷ ነች የምታውቀው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቦታው ለተጠባባቂው ተሰጠ። ልጁ ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት ነበረው አሉ።

ልጅቷ አንድ ቀን እናቷን በክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። አሁን ትልቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ከማሽን የሚወጣ የሚያብረቀርቅ ደረሰኝ እየቀደደች ለሰው ታቀብላለች። ሰማያዊ የሥራ ልብስ አላት። በመጀመሪያው ሳምንት እናት ልብሱን ልታነሳ ስትል፣ «ተይው እማዬ፣ ራሴ እተኩሰዋለሁ» አለቻት። እናት እጇን ሰበሰበች።

ባለ ላውንደሪው አንዴ አፋቸው አምልጧቸው «ኢንጂነሯ እንዴት ናት?» አሉ። ወዲያው ሳል መጣብኝ ብለው ወደ ማሽናቸው ዞሩ። ማሽኑ እንደገና መዝለል ከጀመረ ቆይቷል፤ ጎማውን ለማን እንደሚያሳዩት ስላላወቁ ድንጋዩን መልሰው አስገብተዋል። ወረቀት የሚያስተኩስ ሰው ሲመጣም፣ «ተዉት፣ እዚህ ቤት ወረቀት መተኮስ ቀርቷል» ብለው እሳቸው ይመልሱታል።

የሬጅስትራሩ አምስት ሸሚዞች በየቅዳሜው ይመጣሉ። ትተኩሳቸዋለች፤ ሥራ ነው። ያቺ ሦስተኛ አዝራር አምና ላላ ብላ ነበር፤ መልሳ አጠበቀቻት።

ምትኩ ወረቀት በአሥራ አምስተኛው የሥራ ቀን ወጥቷል። ልጅቷ፣ «ሲመችሽ ሄደሽ አምጪልኝ፤ ለኮሌጅ ባይሆንም ከካርዶቼ ጋር ይቀመጥ» ብላት ነበር። እትዬ ካውያም አንድ ከሰዓት በኋላ ሽርጧን አውልቃ ሄደች። ሰልፍ ያዘች። ከፊቷ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ያቺ ማስቲካ የምታኝክ ሴት ቀና አለችና አየቻት፤ ከዚያ ወደ አምስተኛው መስኮት ዘንበል ብላ አንድ ነገር ሹክ አለች። እትዬ ካውያ ከሰልፉ ወጣች። ልጇን «ዝግ ነው» አለቻት።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። በየሰኞው ጠዋት «ዛሬስ ሄጄ አመጣዋለሁ» ትላለች፤ ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ ይበዛል። መቀበያ ቁጥሩ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ከጠረጴዛው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመለዋወጫ አዝራሮቹ ጋር አለች። ተጨማዳለች። አላቃናቻትም።