ከልቡ ነው

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰብለ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ምሳው ቀርቦ ስልኳን አልለቅ አለች። የምትሠራው በኢንተርኔት ዜና በሚያወጣ ድርጅት ነው። ምን እንደያዛት ብጠይቃት ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ዜናው አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል። የጎደለው የተናጋሪው ስም፣ የቦታው ስምና «ብለዋል» ከሚለው ቃል በፊት የሚገባው ንግግር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሥራው እንዲህ ሆኗል፤ ጊዜ ይቆጥባል» አለችኝ።

ዘንድሮ አለች። እኔ ያን ባዶ ቦታ ያወቅሁት እሷ ሳትወለድ ነው። ዛሬም ሳየው አፌን ይመርረኛል።

የዘጋቢነት የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። አምቦ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንሁና ኦሮምኛም ስለምሰማ ለአምቦና በዙሪያዋ ላሉት ከተሞች ዘጋቢ ሆኜ ተመደብሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ዘጋቢ ወሬ ፍለጋ በበቅሎ እስከ ካቺሲ ይዘልቁ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ሙያው ተለውጧል። ዜናው ከአዲስ አበባ ተባዝቶ ይመጣል፦ «የ… ገበሬ ማኅበር አባል የሆኑት አቶ … ወደ አዲሱ መንደር በመዛወራቸው የተሰማቸውን ደስታ ሲገልጹ … ብለዋል።» የእኔ ድርሻ ነጥብ ነጥቡን መሙላት ነበር። በጥንቃቄ፣ ባማረ የእጅ ጽሕፈት እሞላዋለሁ። አለቆቼ «ጎበዝ ልጅ» ካሉኝ ሳምንቱን ሙሉ እግሬ መሬት አይነካም።

በደርግ የመንደር ምሥረታ ጊዜ፣ በጥር ወር፣ ከጊንጪ ወደ ጭልሞ ጫካ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለች ቀበሌ ሄድሁ። አቧራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሰዉ ጎጆውን እያፈረሰ ማገሩንና ወጋግራውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ሜዳው ላይ ወደ ተለካለት ቦታ ያጓጉዛል። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሰላምታዬን የመለሱልኝ ኦቦ ጉርሜሳ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋ ገበሬ ብቻ ነበሩ። ሥራቸውን ትተው ጣሪያ በሌለው ቤታቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ባለቤታቸው ትኩስ የገብስ ቆሎና አሬራ አቀረቡልኝ። ያን ቆሎ ስበላ ከላይ ፀሐይ እየመታኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በፀሐይ መመታት እንግዳ ነገር ነው።

ደብተሬን አውጥቼ ወደ አዲሱ መንደር በመሄዳቸው ደስ ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ቅጹ የሚለው እንደዚያ ነዋ። እሳቸው የፈረሰውን ግድግዳ አዩ፣ ቀጥሎም እኔን አዩኝ። ከንፈራቸው በአንድ ወገን ተጣመመ።

«ደስ ካላለው ሰው ቤቱን በገዛ እጁ ያፈርሳል እንዴ?»

ባለቤታቸው ፊታቸውን አዙረው ሳቁ፤ ሳቅ ከተባለ። ነገሩ ገብቶኛል። ቢሆንም ቃሉን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ጻፍሁት።

ከሰዓት በኋላ አምቦ ስልክ ቤት ወረፋ ጠብቄ፣ መስመር ሲገኝልኝ እየጮህሁ ለአዘጋጁ አነበብሁላቸው። ሥራውን የኖሩበት ሰው ነበሩና ጠረጠሩ።

«ይህ ሰው እያሾፈ ነው ወይስ ከልቡ ነው?»

«ከልቡ ነው፣ ጓድ» አልሁ።

ዜናው ደስ ደስ በሚል ድምፅ በሬዲዮ ተነበበ። ካድሬዎቹ ወደዱት። ኦቦ ጉርሜሳን ገና ወዳልተዛወሩ ቀበሌዎች እየወሰዱ ያንኑ ቃል ሕዝብ ፊት አስደገሟቸው። ጎረቤቶቻቸው «አባ ገመቹ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ የደስታ አባት ማለት ነው። በስምም አላበቃም። በአዲሱ መንደር ጎጆ የሚቆመው በደቦ ነበር። ለእሳቸው ደቦ የወጣ ሰው አልተገኘም። ግድግዳውን እሳቸውና ባለቤታቸው እንደምንም አቆሙት፤ ጣሪያው ግን የብዙ ሰው እጅ ይፈልጋል።

መጋቢት ላይ አምቦ ድረስ መጡብኝ። ወንበር ባቀርብላቸው እንቢ አሉ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ያልኩትን ነው የጻፍከው። አንዲት ቃል አልዋሸህም። እንዴት አድርጌ እንዳልኩት ግን ታውቃለህ።»

ልጄ ሆይ ነው ያሉኝ። ዜናው ይታረም ብል እሳቸውን እንደሚያሳስር ነገርኋቸው።

«ስለ ሬዲዮው ማን ጠየቀህ? ቅዳሜ ና። ጎረቤቶቼ ፊት ቁምና፣ ሰውየው እያሾፈ ነበር፣ ከልቡ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ በላቸው። ይህን ከሰሙ ሣሩን ይከድኑልኛል። ዝናቡ ደርሷል።»

እመጣለሁ አልሁ።

ቅዳሜ አልሄድሁም። ከዚያ ሁሉ ጎረቤት አንዱ ለካድሬው ቢነግርብኝስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፍርሃቴ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ የሰማኝም ሁሉ በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን ነበር ብሎ አጽናንቶኛል። ያላወራሁት ስለ ደብዳቤው ነው። ሐሙስ ዕለት፣ በዚያው ዜና ምክንያት፣ የምስጋና ደብዳቤ ከአዲስ አበባ መጥቶልኝ ነበር። ቅዳሜን ቤቴ ተቀምጬ እሱን ደጋግሜ ሳነብ ዋልሁ።

ሐምሌ ላይ ጊንጪ ገበያ፣ ጭቃው መካከል ፊት ለፊት ተገናኘን። የዘነበው ሌሊት ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት አልዘነበም፤ የእሳቸውም የባለቤታቸውም ጋቢ ግን ርሶ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። ስለ ጣሪያው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ጉርሜሳ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት እንደ ሰነበቱ ጠየቅሁ።

ከዚያ በፊት በኦሮምኛ ልጄ ነበር የሚሉኝ። አሁን ግን ጥርት ባለ አማርኛ፣ እንደ ሹም አንቱ ብለው መለሱልኝ።

«ደስ ብሎኛል፣ ጓድ። ይጻፉት።»

ባለቤታቸው እንደ መጀመሪያው ቀን ፊታቸውን አዞሩ። በዚህኛው ቀን ግን አልሳቁም።

ሰብለ ምሳዋን ሳትነካ ጣቷን ስልኩ ላይ እንዳደረገች፣ «ጋሼ፣ ‹በደስታ ገልጸዋል› ልበል ወይስ ‹ገልጸዋል› ይበቃል?» አለችኝ።

ዜናው ውስጥ ያለው ሰውዬ ሲናገር ፊቱ እንዴት እንደነበር ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ? በስልክ ነው ያነጋገርኩት፤ አላየሁትም።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለዓመታት ጥፋቱን በዚያ በተባዛ ወረቀት ሳላክክ ኖሬአለሁ፤ አሁንም በዚህች ልጅ ስልክ ላላክክ ነበር። ወረቀቱ ግን ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሰው ቆሎ አልበላም። ሰብለ አላየችውም።

እኔ ግን አይቼው ነበር።