አማቼና የተርኪ ጥይቶቹ

የልጄን ባል፣ አማቼን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመንኩትም። ጥፋት አግኝቼበት አይደለም፤ ሰው ሲበዛ ጨዋ ሲሆንብኝ ጥርጣሬ ይገባኛል። መጠጥ የለ፣ ሲጋራ የለ፤ አንድ አመል ብቻ አለችው። በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጫካ ገብቶ ተርኪ የሚሉትን ትልቅ የዱር ወፍ ያድናል። ፈረንጅ አገር አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ፣ ሱቁ ሁሉ ተርኪ ሞልቶት፣ ምን አስኬደው?

ዘንድሮ ልጄ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ሐኪሟ ደሟ ውስጥ ሌድ፣ ያ እርሳስ የሚባለው ማዕድን፣ መገኘቱን ነገራት። ብዙ ባይሆንም ወደ ጽንሱ ስለሚያልፍ ከየት እንደመጣ ቶሎ መታወቅ ነበረበት። በስልክ ነገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ ጥፋተኛውን አግኝቼዋለሁ። የአደን ጥይት ከእርሳስ እንደሚሠራ የማያውቅ ማን አለ? ያመጣውን ተርኪ ደግሞ ወጥ ሠርታ በልታለች።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ። በየሳምንቱ አጥሚት የምሠራላት እኔ ነኝ። ድስቱም ከመርካቶ አስመጥቼ የሰጠኋት፣ ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ የተሠራ ወፍራም ድስት ነው። የፈረንጅ ድስት አያጣፍጥም ብዬ የራሷን ድስት ቁም ሳጥን ውስጥ አስከትቻታለሁ። ያን ቀን ግን አጥሚቱን ሳልጥድ፣ ልጄ እያየች፣ አማቼን ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ጥይቶችህን አምጣ" አልኩት።

"እማማ፣ እኔ ሌድ አልጠቀምም። ቃሌን ነው።"

"አምጣ አልኩህ።"

አራት ዓይነት አምጥቶ ቀለሃቸውን በቢላ ቀደደና በውስጣቸው ያሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች በአራት ሳህን ገለበጠልኝ። የመጀመሪያው እርሳስ ነበር፤ በፒንሳ ሲጫነው እንደ ሊጥ ተዳጠ። ጓደኛው እንደሰጠውና ተኩሶት እንደማያውቅ ነገረኝ። ካልተኮሰው ታዲያ ቤቱ ምን ይሠራል? ሁለተኛው ብረት ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ግን ቀላል ስለሆነ ወፉን በጣም መቅረብ ይፈልጋል። ሦስተኛው፣ ቢስሙዝ የሚሉት፣ ከብረት ይከብዳል፤ በፒንሳ ሲይዘው ግን ተሰባበረ። አራተኛው ተንግስተን የሚሉት፣ ሰናፍጭ የሚያህል፣ ከሁሉም የከበደ ነው። ፒንሳው ምንም አላደረገውም።

"ሩቅ የቆመ ተርኪ የሚወድቀው በዚህ ነው። የበላነውም በዚህ የመታሁትን ነው" አለኝ።

"ያሳየኸኝን አየሁ፤ የተኮስከውን ግን አላየሁም።"

አልተቆጣም። ይኼ አለመቆጣቱ ነው የሚያናድደኝ። ሌድ ሲነካ የሚቀላ ጥጥ ገዝቶ ኖሯል። እርሳሱን ሲያሸው ጥጡ ቀላ። በሌላ ጥጥ ተንግስተኑን አሸ፤ ምንም። ልጄ ሥጋውን ስታጥብ አግኝታ ያስቀመጠቻትን አንዲት ፍሬ አመጣና አሸ፤ አሁንም ምንም።

"ድስቱን እሸው!" አልኩ። "ተርኪው የተሠራበትን! ያኔ ትታወቃለህ።"

የመርካቶውን ድስት አምጥቶ ውስጡን አሸ። ጥጡ ቀላ።

"አላልኩም?" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ልጄ ሆዷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። "እማዬ፣ ፕሊስ፣ ስቶፕ!" አለችኝ።

እሱ አዲስ ጥጥ አወጣና ድስቱን አዙሮ የውጩን እጀታ አሸ። እዚያ ተርኪም ወጥም ደርሶ አያውቅም። ጥጡ ቀላ። በሌላ ጥጥ ሁለተኛውን እጀታ አሸ፤ እሱም ቀላ። እርሳሱ ያለው ድስቱ ራሱ ውስጥ ነው።

ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። ማንም አላለኝም፤ ራሴ ለራሴ አልኩት። በየቅዳሜው በዚያ ድስት አማስዬ፣ አጠገቧ ቆሜ፣ "እስከ ታች ጨርሺው፣ ለልጁ ነው" እያልኩ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ ፈራሁም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ።

"እማማ፣ አላወቁም። እኛም አላወቅንም" አለኝ አማቼ። "ዶክተሩ ምንጩ ከቆመ ደሟ ውስጥ ያለው ይቀንሳል ብሏል።" ድስቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በረንዳ ላይ አወጣው። ተመልሶ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ያስደበቅኩትን የፈረንጅ ድስት አውጥቶ ምድጃው ላይ አኖረው።

"በዚህ ይሥሩላት" አለኝ። "የእርስዎ አጥሚት ካልሆነ አትጠጣም።"

በእሱ ቦታ ብሆን እኔን ዳግመኛ ምድጃ አላስነካም ነበር። ዱቄቱን በጥብጬ ጣድኩ። ልጄ ኩባያውን ተቀበለችኝና መጠጣት ጀመረች። ያን ቀን ጨርሺው አላልኳትም።