ጨረቃ ስትሞላ የተተከለው ነጭ ሽንኩርት

ልጅ ሳለሁ ሰበታ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ አያቴ ኦቦ ደጀኔ ተረት የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነዋ። ያኔ ኩራዙ ይለኮሳል፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ያስለቅሰናል፣ እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ ስለ ጨረቃ ያወራሉ። ጨረቃ ስትሞላ ቅጠሉን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች፤ ስትጎድል ደግሞ አፈር ውስጥ ገብታ ሥሩን ጡት ታጠባለች። ስለዚህ ጎመን ስትሞላ፣ ነጭ ሽንኩርት ስትጎድል ይተከላል። ከዚህ ንቅንቅ የለም። እናቴ አንድ በጋ ቸኩላ ብትተክል ሁሉንም ነቅለው አስጣሏት፤ ግትርነታቸው ለጉድ ነበር።

የማስተር ፕላኑ ወሬ በመጣበት ዓመት መሬታችን ሊወሰድ ነው ተባለ፤ ተማሪው አደባባይ ወጣ። ጓሯችንን የሚቆፍረው ታላቅ ወንድሜ ገመቹም አብሮ ወጥቶ ተያዘ። የት እንደታሰረ የሚነግረን ጠፋ። ብርዱ ጠንቶ ጨረቃ መጉደል ስትጀምር አያቴ እኔን ይዘው ነጭ ሽንኩርቱን ተከሉ፤ የመጨረሻውን መደብ ግን ባዶውን ተዉት።

«አባባ፣ ባዶ መሬት ካዩ እኮ ይወስዱብናል» አለች እናቴ።

«የገመቹ ነው። መጥቶ ይትከለው።»

በዚያ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን «አባባ፣ ገመቹም ጨረቃ የምትገባበት ገብቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ተረቱን ሳይጨርሱ ፍሙን በአመድ አዳፈኑት። በጣም ፈራሁ።

ገመቹ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ጨረቃ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት መጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል። እናቴ እልል ብላ ሳትጨርስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያቴ ግን ዶማውን አንስተው አቀበሉት።

«ኮቱ፣ ና ልጄ፣ መደብህ እየጠበቀህ ነው።»

«አባባ፣ ጨረቃዋ እኮ እየሞላች ነው!»

«አይቻታለሁ። ዛሬ እሷ ትታገሠን።»

ገመቹ መደቡን መቆፈር ጀመረ። አያቴ ከጎኑ ተንበርክከው ፍሬውን አንድ በአንድ አቀበሉት፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ያ መደብ ቅጠሉ የሚያስቀና ሆነ፤ ሲነቀል ግን ሽንኩርቱ አውራ ጣት አያክልም። እናቴና ገመቹ ሳቁ። እኔ ዛሬም ጓሮዬን የምተክለው ጨረቃ አይቼ ነው፤ የአያቴን ተረት አምናለሁ። ግን ተረቱ ትዝ ሲለኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። አያቴ በዚያ ዓመት ያማረ ያማረውን ሽንኩርት ሁሉ ለገበያ ሰጥተው፣ የገመቹን ደቃቃ ሽንኩርት ጎንጉነው ከምድጃው በላይ ለዘር ሰቀሉት።